በፈጣሪ የተሳበበ ክንድ

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ክረምት ከበጋ በማይለይበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ «እትዬ ካውያ» የሚሏት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ወደ ስልሳ ተጠግቷል። እንደ ግንድ በሚሽከረከረው ትኩስ የመተኮሻ ማሽን ፊት ሃያ አንድ ዓመት ቆማለች። በእጇ ያለፈ አንሶላ ሽብሽባት ቀርቶ ሐሜት እንኳ መግቢያ አያገኝበትም ይባልላታል። ሰው ሲስቅ ፈገግ ትላለች፣ ሰው ሲያዝን የእሷ ዓይን ቀድሞ ይሞላል፤ ስለ ራሷ ከጠየቋት ግን «እኔማ ምን አለኝ ብላችሁ፣ ኑሮዬ አንሶላ!» ብላ ትዘጋዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ይገርማቸው ነበር። የታጠበው ልብስ በጋሪ ተጭኖ ለየክፍሉ ሲከፋፈል፣ እትዬ ካውያ ወደ ቀዶ ጥገናም፣ ወደ ሕፃናት ክፍልም፣ ሬሳ ክፍልም ሳይቀር ትገፋለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ማዋለጃ ግን አትወጣም። «ጉልበቴን» ትላለች። ሊፍት ባለበት ቤት ጉልበት ምን አገባው ብሎ የሞገታት የለም። ለያንዳንዱ ሰው የማይረግጠው ደጃፍ አይጠፋውም ብለው ተዉት።

እውነቱ ይህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እትዬ ካውያ በዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዋላጅ ነበረች፤ ያውም የተመሰገነች። «እጀ ቅዱስ» ይሏት ነበር። ምጥ የጠናባቸው ሴቶች የእሷ ተራ መሆኑን ሲሰሙ ግማሹ ሕመም ለቀቅ ያደርጋቸዋል ይባላል። ይህን እሷም ታውቀው ነበር። ጣጣው የመጣውም ከማወቋ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከባድ በረዶ ወርዶ የማዋለጃውን የመስኮት መስታወት ሰበረ። በዚያች ሰዓት የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ አንዲት ሴት በእጇ ላይ ነበረች። የሕፃኗ ራስ ወጣ፤ ትከሻዋ ግን ተያዘ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው፤ እርዳታ መጥራት፣ የእናቲቱን ጉልበት ወደ ደረቷ ማጠፍ፣ ከእምብርቷ በታች ሰው እንዲጫን ማድረግ። ሐኪሙ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ነበር፤ ብትጣራ ይሰማታል። ነገር ግን በዚያው ጠዋት በሰው ፊት «ሲከብድሽ ጥሪኝ እንጂ፣ ሁሉን ለብቻዬ አትበይ» ብሎ ገሥጿት ስለነበር፣ ምን ሲደረግ ብላ አልጠራችውም። የሕፃኗን ራስ ይዛ ሳበች። ደግማ ሳበች። በጣቶቿ መካከል አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማት፤ ስፌት ሲተረተር እንደሚሰማው ያለ ነገር።

ሕፃኗ ወጣች፤ አለቀሰች። እግሮቿ ተወራጩ፣ ቀኝ እጇም ተወራጨ። ግራ እጇ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

«እጇ ምን ሆነ?» አለች እናቲቱ፣ ላቧ ሳይደርቅ።

እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። እትዬ ካውያ ግን አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። «ማህፀን ውስጥ ሳለች የመጣ ነው። ከእግዚአብሔር ነው፣ ተቀበይው።» በካርዱም ላይ እንደዚያው ጻፈች። እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የእትዬ ካውያ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ዓመት እንደ ምንም ታግላ፣ በመጨረሻ «አሞኛል» ብላ ወደ ምድር ቤት እንዲያዛውሯት ለመነች። የሚያውቋት ቀስ በቀስ ጡረታ ወጡ፣ ተዛወሩ፣ ሞቱ። ጥፋቷን የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ቢሰማባት ይሻላት ነበር። ሰው ያወቀው ኃጢአት ሲወራ ሲወራ ይሰለቻል፤ ለብቻ የያዙት ግን ሁልጊዜ የዛሬ ነው።

የተቀደደ አንሶላና ጋውን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል ተብሎ አንዲት ልጅ የተቀጠረችው በዚህ ሁሉ መሐል ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ። ገና በሁለተኛው ቀን «መርፌ» የሚል ስም ወጣላት። ግራ ክንዷ ከትከሻው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ መዳፉ ወደ ኋላ እያየ፣ ጎኗ ላይ ተጣብቋል። ስፌት መኪናው ላይ ስትቀመጥ ጨርቁን በቀኝ እጇ ትመራዋለች፣ በግራ ክርኗ ደግሞ ትጫነዋለች።

ሰዉ በሰረቀ ዓይን እንደሚያያት ገባትና፣ «አትሳቀቁ» አለች። «ይቺኛዋ እጄ አለቃ ናት። መሥራት አይሆንላትም፤ መጫን ግን ትችልበታለች!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቀችው እትዬ ካውያ ብቻ ነበረች። ያን ክንድ አወቀችው። እንዲህ ያለ ክንድ በዓለም ላይ ስንት አለ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ ልቧ ግን እምቢ አላት።

በሦስተኛው ቀን እሷና መርፌ አንሶላ እንዲያጥፉ ተመደቡ። ትልልቅ አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ግድ ነው፤ ጫፍና ጫፍ ይዞ መራቅ፣ መጠጋት፣ ማዕዘን ከማዕዘን ማገናኘት። መርፌ ሁለተኛውን ማዕዘን በጥርሷ ልትይዝ ሲዳዳት፣ እትዬ ካውያ ሳታስበው፣ «ተይ አንቺ ልጅ፣ የበሽተኛ አንሶላ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«የት ነው የተወለድሽው፣ ልጄ?»

«እዚሁ! ከአናታችን በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በረዶ መስኮት የሰበረ ቀን ነው አሉ። ጎረቤቶቻችን ‹ገና ሳትወለጂ ሰማዩን ያስቆጣሽ› ይሉኝ ነበር።»

አንሶላው ከእትዬ ካውያ እጅ ወደቀ።

«ምነው እትዬ?»

«ምንም፣ ጉልበቴን ነው» አለች፣ ጎንበስ ብላ እያነሳች። ሳትነሳም ቆየች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷን ልትሸሻት ሞከረች። የሸሹት ይከተላልና መርፌ ከእሷ ጎን አልጠፋ አለች። ምሳ ስትበላ ከአጠገቧ ትቀመጣለች፤ ሥራ ሲበርድ ወሬ ታመጣለች። የባሰው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነበር። ክፍሉ ፀጉር ሳይሸፈን የማይገባበት ነው፤ በአንድ እጅ ደግሞ ረጅም ፀጉር ሰብስቦ ማሰር አይቻልም። መርፌ ማስሪያዋን ይዛ ትመጣና እትዬ ካውያ ፊት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ትሰጣለች።

«እትዬ፣ እጅዎን ያበድሩኝ።»

እትዬ ካውያ እጇን ታበድራለች። እየተንቀጠቀጠ።

አንድ ጠዋት፣ ፀጉሯን እየሰበሰበችላት ሳለ፣ ልጅቷ ስለ ቤቷ ታወራት ጀመር። አባቷን አታውቀውም፤ ሳትወለድ ጥሎ ሄዷል። እናቷ ሹራብ ሠርታ ነው ያሳደገቻት። የእሷን ሹራብ ስትሠራ ግራ እጅጌውን ሁልጊዜ ሰፋ ታደርገዋለች፣ ክንዷ ሳይጎተት እንዲገባ።

«በክንድሽስ አይከፋሽም?» አለች እትዬ ካውያ። ለምን እንደጠየቀች እሷም አታውቅም።

«አይ፣ እኔስ አይከፋኝም። እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ሠራኝ፣ እንዲህ አድርጎ ይወደኛል እላለሁ። የምታሳዝነኝ እናቴ ናት። ትንሽ ልጅ ሆኜ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ትወስደኛለች፤ እሷ ግን ከበሩ አታልፍም። ‹አንቺ ግቢ፤ እኔና እሱ ተኳርፈናል› ትለኛለች። ዛሬም ድረስ እንደዚያው ናት። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምን እንዳጣላቸው ግን አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም።»

እትዬ ካውያ ማስሪያውን ሦስቴ ጠምጥማ ሦስቴ ፈታችው። እስከዚያ ቀን ድረስ የጎዳችው አንዲት ሕፃን ብቻ ይመስላት ነበር። እናቲቱን ረስታት ነበር። ያን ወደ ግድግዳው የዞረ ፊት ረስታው ነበር። አሁን ደግሞ የበለጠ መከራ መጣባት፤ ልጅቷ ቤቷን የሠራችው በዚያ ውሸት ላይ ነው። እውነቱን ብትናገር የልጅቷን ሰላም ልትንድ ነው፣ ዝም ብትል እናቲቱ በዝናብ ውጭ እንደቆመች ልትቀር ነው።

በምድር ቤቱ ውስጥ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ቦይለር የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ «አባባ እንፋሎት» ይሏቸዋል። በምሳ ሰዓት መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ቅዱሱን መጽሐፍ ዘርግተው ጮክ ብለው ማንበብ ልማዳቸው ነው። ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የላቸውም። «ቦይለሩ ይሰማኛል፤ እሱን የመሰለ ሞቅ ያለ ምእመን የለም» ይላሉ።

በዚያ ቀን ያነበቡት እግዚአብሔር ላፈሩት ስለ ሰጠው ተስፋ ነበር። ልባቸው የተሰበረውን እጠግናለሁ፤ አንገታቸውን የደፉትን ቀና አደርጋለሁ፤ የውርደታቸውን ዘመን በክብር እክሳለሁ የሚል ቃል። ሌሎቹ ምሳቸውን ጨርሰው ሲበተኑ እትዬ ካውያ ወደኋላ ቀረች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ተስፋ ለተጎዳ ሰው ነው፤ ገባኝ። ለጎዳውስ ይሆናል?»

አባባ እንፋሎት መነጽራቸውን አወለቁ። «ላፈረ ሰው ነው የሚለው። በምን ያፈረ እንደሆነ አልጻፈም።»

«እንግዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ያፈረ ሰውስ ለምን አልተጠገነም?»

«ማፈርና መደበቅ ይለያያላ፣ ልጄ። ደብቆ የመጣውን ሐኪምም አያክመው። ‹የት ጋ ነው የሚያምሽ?› ይልሻል፤ አንቺ ‹ደኅና ነኝ› ትያለሽ፤ ‹እንግዲያ ደኅና ግቢ› ይልሻል።» መነጽራቸውን በእጅጌያቸው ወለወሉና ቀጠሉ። «የሦስተኛ ፎቅ አዋላጅ እንደነበርሽ አውቃለሁ። እዚህ የወረድሽ ዕለት ነው ያወቅኩሽ። ምን እንደገጠመሽ አላውቅም፤ ንገሪኝም አልልሽም። መንገር ላለብሽ ሰው ግን ዕድሜ ሳለ ንገሪ። እኔም ሆንኩ አንቺ ለቀብር እንጂ ለሠርግ አንጠራም።»

እሷም ሳትወድ ሳቀች። እየሳቀችም አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በመርፌ መሪነት፣ ወደ እነመርፌ ቤት ሄደች። «እናትሽን ልተዋወቃት» ብላ ነበር የለመነቻት፤ ልጅቷም በደስታ መሬት አልበቃት ብሏል። ቤቱ በአንድ ጠባብ ደረጃ አናት ላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። በየወንበሩ ላይ የክር ኳስ፤ በመስኮቱ ሥር ሹራብ መሥሪያ። እናቲቱ ሃምሳን ያለፈች፣ ጣቶቿ ለአፍታ የማያርፉ ሴት ናት። ሻይ ቀዳች፣ ወንበር ጠረገች፤ «እሷማ ቤት ስትገባ ከእርስዎ ሌላ ወሬ የላት» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻት። «ድምፅዎን የማውቀው ይመስለኛል። ከዚህ ቀደም ተገናኝተናል?»

እትዬ ካውያ ሻዩን ሳትነካ አስቀመጠችው። ስትመጣ በየመንገዱ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ተገናኝተናል» አለች። «በረዶ በዘነበ ቀን። ልጅሽን ያዋለድኩት እኔ ነኝ።»

እናቲቱ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች።

«ክንዷ ማህፀን ውስጥ አልተጎዳም። እኔ ነኝ የጎዳሁት። ትከሻዋ ተይዞ ነበር፤ ሐኪሙ ቅርብ ነበር፤ በትዕቢቴ ሳልጠራው ቀረሁ፣ ሳብኳት። ከዚያም ዋሸሁሽ። ከእግዚአብሔር ነው አልኩሽ። ከእግዚአብሔር አልነበረም። ከእኔ ነው።»

ሹራብ መሥሪያው ላይ የነበረው ክር ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለች እናቲቱ፣ በቀስታ። ከዚያ ተነሣች። እስካሁን «እርስዎ» ስትል የነበረችው ሴት ድንገት ተለወጠች። «ሃያ ሁለት ዓመት! አንቺ! እዚያ ቆመሽ፣ ዓይኔን እያየሽ! አሁን ምን ቀርቶ መጣሽ? ሻዬን ልትጠጪ መጣሽ? ውጪልኝ!»

እትዬ ካውያ ወደ መርፌ ዞረች። ልጅቷ ግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ይዛ፣ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ እያየችው ነበር። በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል፣ «አሁን ይሂዱ፣ እትዬ» አለች።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። መንገድ ላይ ቆማ ስታስበው ግን አንድ ነገር ገረማት። ልቧ ተሰብሯል፣ ፊቷ ተቃጥሏል፤ እጇን አየችው፤ አይንቀጠቀጥም።

ሰኞ መርፌ ሥራ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። እትዬ ካውያ ጋሪዋን ሞልታ ወደ ሊፍቱ ገፋችና ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ «፫» ቁጥሩን ተጫነች። የአዋላጆቹ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጇ የምትሆን ሴት፣ አንሶላ ልትቀበል ስትነሣ፣ «አንሶላው ይቆይ፤ የምናገረው አለኝ» አለቻት እትዬ ካውያ። ሁሉን ነገረቻት፤ በጽሑፍ አድርጋም ፈረመችበት። ኃላፊዋ ፊቷ እየጠቆረ ሰማቻት። አልተቆጣችም፣ አላባበለቻትም።

«ይህን ለበላይ ማሳወቅ አለብኝ» አለች።

«አሳውቂ እንጂ። ለዚያ ነው የወጣሁት።»

«ልጅቷንስ ያያት ሐኪም አለ?»

«የለም። ከፈጣሪ ነው የተባለን ነገር ማን ወደ ሐኪም ይወስዳል?» ይህን ስትናገር ነው የውሸቷ ርዝመት ሙሉ በሙሉ የታያት።

ኃላፊዋ ወረቀት አንሥታ የነርቭና የአጥንት ሐኪሙን ስምና ሰዓት ጻፈችላት። «አምጪያት» አለች፣ አጭር አድርጋ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የመርፌ እናት ራሷ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ አንሶላው ትኩስ ትኩሱን እየተፋ ይወርዳል። እትዬ ካውያ ስታያት እጇን ዘርግታ፣ ዱላ ለመቀበል እንደተዘጋጀ ሰው ቆመች። እናቲቱ ግን አልጮኸችም። የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አለች።

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች። «እውነቱን ንገሪኝ፣ አሁንም እንዳትዋሺኝ። በእርግጥ እሱ አልነበረም?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ።» አገጯን ወደ ላይ አነሣች። «ስሚኝ። ያን ፅንስ አልፈለግኩትም ነበር። ባሌ ጥሎኝ በሄደ ሰሞን ሆዴን በቡጢ እየመታሁ ‹ውሰድልኝ› ብዬዋለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከዚያ አንቺ ከእግዚአብሔር ነው ስትይኝ፣ መልሱ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ‹አልወስዳትም፤ ግን እያየሽ ትቃጠያለሽ› ያለኝ መሰለኝ። ልጄን ባየኋት ቁጥር የማየው የራሴን ቡጢ ነው። በየትኛው ዓይኔ ደጁን ልለፍ?»

እትዬ ካውያ ከማሽኑ ተነጥላ መጥታ ፊቷ ተንበረከከች። ጉልበቷ አላመማትም፤ ቢያማትም አላወቀችም። «አንቺ አልነበርሽም። እሱም አልነበረም። በእጄ ላይ ጤነኛ ሆና መጣች፤ ሙሉ ነበረች። እኔ ነኝ።»

እናቲቱ እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። መጀመሪያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለይ ያለ ድምፅ ወጣት፤ ከዚያ አለቀሰች፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ልቅሶ። «ባዶ ለባዶ ተኳርፌው!» አለች በመሐሉ። «ምስኪን! ስንት ዘመን በሌለበት ስሙን ሳጠፋ!»

ከአንሶላው ክምር ስትነሣ ዓይኗን በቀሚሷ ጠረገች፤ እትዬ ካውያ የሐኪሙን ወረቀት ስትሰጣት ተቀብላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አልመጣሁም። ገና አልወጣልኝም። ሌሊት ስነሣ እረግምሻለሁ፣ ሲነጋ ደግሞ ታሳዝኚኛለሽ። ግን መጥተሽ ባትነግሪኝ ኖሮ እንደዚሁ እሞት ነበር። ይህንንም ልነግርሽ ነው።» ከዚያ ወደ ማሽኑ አየች። «አንቺ ሴት፣ አንሶላሽ ወለል ነካ!»

መርፌ ከሳምንት በኋላ ተመለሰች። ፀጉሯን በመሐረብ ጠቅልላ ነበር የመጣችው። ቀኑን ሙሉ ለእትዬ ካውያ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈሰችም። መውጫ ሰዓት ሲደርስ መጥታ ከጎኗ ቆመች።

«ሦስት ቀን በእርስዎ ተናደድኩ» አለች። «ከዚያ በእናቴ። ከዚያ በእሱ። ‹አንተ እንዲህ አድርገህ ሠራኸኝ› ብዬ ነበር የቆምኩት፤ ያን ስትወስዱብኝ የቆምኩበት ጠፋኝ። ትናንት ግን አሰብኩት። እሱ ካልሰበረው ጠጋኙ እሱ ነው ማለት ነው። እስከ ዛሬ ሰባሪዬን ነበር የማመሰግነው፤ ምስጋናዬ እንዲህ ከነበረ፣ ጠጋኜ መሆኑን ካወቅኩማ እንዴት አድርጌ ላመስግነው ነው?»

እትዬ ካውያ ያጠፈችውን አንሶላ ክምሩ ላይ አኖረች።

«ሐኪሙ ዘንድ ግን ብቻዬን አልሄድም» አለች መርፌ። «እርስዎ ይወስዱኛል። ዕዳዎ ነው።»

ሐኪሙ ክንዱን ደጋግሞ አየው፤ በመዶሻ መታ መታ አደረገው፣ ፎቶም አስነሣው። ጨቅላ ሳለች ብትመጣ ብዙ ይደረግላት እንደነበር አልደበቀም። ይህን ሲናገር እትዬ ካውያ አንገቷን አልደፋችም፤ የሚገባት ስለሆነ ቀጥ ብላ ሰማችው። አሁን የሚቻለው ከጀርባዋ ጡንቻ ጅማት ወስዶ ትከሻዋ ላይ መትከል ነበር። ክንዱ እንደ ቀኙ አይሆንም፤ ነገር ግን ወደ ውጭ ይዞራል፣ ከፍም ይላል።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ክንዷ ለስድስት ሳምንት ታስሮ ቆየ፤ ከዚያ ረጅሙ ልምምድ መጣ። ጠዋት ጠዋት እትዬ ካውያ ሥራ ሳትገባ ልጅቷን ይዛ ወደ ፊዚዮቴራፒ ትሄዳለች፤ ክንዷን ከሥር ደግፋ አብራት ትቆጥራለች። መርፌ ከሕመሙ የተነሣ ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ ከዚያ በራሷ ስድብ ትስቃለች። በአምስተኛው ወር አንድ ቀን፣ ቤታቸው ሻይ ተቀድቶ ሳለ፣ ልጅቷ ወሬዋን ሳታቋርጥ በግራ እጇ ስኒ አንሥታ ከከንፈሯ አደረሰች። ጠጣች። ሁለቱ ሴቶች ዝም ሲሉ ጊዜ ነው ያደረገችውን ያወቀችው። እናቷ ስኒውን ተቀብላ ሳመችው፤ ስኒውን! ቀጥላ ደግሞ የተንበረከከ ሰው እንደሚነሣ ቀስ ብላ ተነሥታ፣ እትዬ ካውያን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። «አንቺ» አለቻት፤ ይህኛው «አንቺ» እንደ ያኔው አልነበረም፣ ለእህት የሚባለው ነበር። በዚያው እሑድ እናቲቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አለፈች። ወደ ኋላ፣ ከምሰሶው ጥግ ነው የቆመችው፤ ግን ገባች።

የሆስፒታሉ አስተዳደር የእትዬ ካውያን ጽሑፍ ተወያየበት። የአዋላጅነት ፈቃዷ ድሮ የሞተ ስለሆነ የሚነጥቋት ነገር አልነበራቸውም። በካርዱ ላይ የተጻፈው ውሸት ተሰርዞ እውነቱ እንዲጻፍበት ተደረገ፤ ሥራዋንም አላጣችም። ከዚያ ኃላፊዋ ያልጠበቀችውን ጥያቄ ይዛ ምድር ቤት ወረደች። «በየወሩ አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ» አለች። «ትከሻ ሲያዝ የሚደረገውን እኔ አስተምራቸዋለሁ። ሐኪም ለምን እንደማይጠራ ግን እኔ አላውቀውም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ትነግሪልኛለሽ?»

እትዬ ካውያ ሦስት ቀን አሰበችበት። ማንም ሳያውቃት የኖረችውን በሰው ፊት ለማውጣት ፈራች። በአራተኛው ቀን እሺ አለች።

የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ተማሪዎች ነበሩ፤ ጠረጴዛው ላይ የመለማመጃ አሻንጉሊት። አሻንጉሊቷን አንሥታ ታቀፈቻት፤ ስትታቀፋት እጇ የድሮውን ልማድ አስታወሰ። ሁሉን ነገረቻቸው፤ በረዶውን፣ ትዕቢቷን፣ ጣቶቿ መካከል የተሰማትን፣ በፈጣሪ ያሳበበችውን። «ልጆቼ፣ ሰው ይሳሳታል» አለቻቸው። «ስሕተቱ አንድ ክንድ ነው የወሰደው። ውሸቱ ግን የሦስት ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ወሰደ። መጣራት አያሳፍርም። ተሳሳትኩ ማለትም ያሳፍራል እንጂ አይገድልም፤ ያውም ላፈረ ሰው ቃል የገባ አምላክ አለን።»

ሰዓቱ አልቆ ተማሪዎቹ ሲወጡ አንዲቱ ቀረች። ማስታወሻ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ባለፈው ሳምንት…» አለች።

እትዬ ካውያ አሻንጉሊቷን ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት።

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እናትየዋና ሕፃኑስ?»

«አሁን ደኅና ናቸው። እኔ ግን የጻፍኩት…»

«ገባኝ፣ ልጄ። ኃላፊዋ አሁን ቢሮዋ ናት። ፈራሽ?»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች እትዬ ካውያ፣ እጇን ይዛ በሩን እየከፈተችላት። «ነይ፣ አብረን እንሂድ።»